ፋብሪካና ጎረቤቱ

በዘንገና ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ስለ ኢንዱስትሪ ነው። ኢንዱስትሪ ሲባል ብዙ ሰው ዐይኑን አሻግሮ ወደ ቡሬ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሐዋሳ ይጥላል። እኔ የምጀምረው ግን ከዚሁ ከዘንገና አጠገብ በአስፋልቱ ላይ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ከምታዩት ጭነት ነው፤ ከከሰሉ።

የአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ መሬቱ አሲዳማ እየሆነ እህል ሲከዳው፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣውን፣ ዲከረንስ የተባለውን የአካሽያ ዛፍ መትከል ጀመረ። አተካከሉን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይህ ንግግር ታትሞ ለሚደርሰው የሩቅ አንባቢ ስል ግን ልንገረው። በመጀመሪያው ክረምት ችግኙ ከጤፍ ጋር አንድ ማሳ ላይ ይወርዳል። ጤፉ ይታጨዳል፤ ችግኙ ይቀራል። በተከታዩ ዓመት በዛፎቹ መካከል የበቀለው ሣር ለከብት ይሆናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጣል፤ እዚያው ማሳው ላይ ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ ይከስላል። ከዚያ መሬቱ እንደገና ይታረሳል፣ ጤፍም ይዘራበታል፣ ችግኝም ይተከልበታል።

ይህን ሥራ ሪባን ቆርጦ የከፈተው ባለሥልጣን የለም። ዛፉን በሽታ እስኪመታው ድረስ በዙሪያው የተሰለፈውን ሰው ግን ተመልከቱ። ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ አለ። ዛፍ ቆራጭ አለ። ክምሩ መቼ መተንፈስ፣ መቼ መታፈን እንዳለበት ከጭሱ ቀለም የሚያውቅ አክሳይ አለ። ጆንያ የሚያቀርብ፣ የሚሞላ፣ የሚሰፋ፣ የሚጭን አለ። የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ የሚከታተል ደላላ አለ፤ መኪናውን ባዶ መመለስ የማይፈልግ ሾፌር አለ። አንድ ወጣት ነገ ሥራውን ልጀምር ቢል ችግኙንም፣ ባለሙያውንም፣ ገዢውንም ፍለጋ ከወረዳው መውጣት አያስፈልገውም ነበር። ይኸው ወጣት ሌላ ቦታ ቢሄድ፣ መሬቱም ዝናቡም ተመሳሳይ ቢሆንለት እንኳ፣ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ መፈለግ ይኖርበታል፤ ምናልባትም ሳይጀምረው ይተወዋል።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር መርምሯል። ቢላዋ ሠሪዎች ለምን ሼፊልድ ላይ ይከማቻሉ? መልሱን በሦስት ነገር አስቀመጠው። ሙያተኛው ሥራ እንደማያጣ ስለሚያውቅ ወደዚያ ይመጣል፤ አሠሪውም ሙያተኛ እንደማያጣ ያውቃል። ጥሬ ዕቃና መሣሪያ አቅራቢው ብዙ ደንበኛ ስላለው እዚያው ሱቁን ይከፍታል። ሦስተኛው ዕውቀት ነው፤ አንዱ ያገኘውን ዘዴ ሌላው በማግስቱ ያየዋል፣ ልጆችም ሳይታወቃቸው ይማሩታል። ፋግታ ለኮማ ላይ ሦስቱም ነበሩ። ዛሬ በየቢሮው ክላስተር የሚባለው ይኸው ነው።

ከከሰል ወደ ፋብሪካ እንሻገር። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ነጋዴው በየተራው ተሰባስቦ እንደሚሠራ ያውቃል፤ የጫማ ሠሪዎቹ ታሪክ ግን ለጉዳያችን ከሁሉም ይበልጥ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አርመናውያን ነጋዴዎች አዲስ አበባ ላይ ሁለት የጫማ ፋብሪካዎች አቋቋሙ። ከእነዚያ ፋብሪካዎች ሙያ ይዘው የወጡ ሠራተኞች የየራሳቸውን ትንንሽ ቤት ከፈቱ፤ ከእነሱም ሌሎች ተማሩ። ቆዳ ሻጩ፣ ሶል አቅራቢው፣ ማስቲሽ ቸርቻሪው በዙሪያቸው ተኮለኮሉ። ቁጥሩ እየበዛ ሄዶ መርካቶና አካባቢው የጫማ ሠሪ ሠፈር ሆነ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ ዘሩ የመጣው ከውጭ ሰው ነው፤ የበቀለው ግን ሠራተኛው ከፋብሪካው ወጥቶ ጎረቤት ስለሆነ ነው።

ከዚያ በ1993 ዓ.ም. አካባቢ የቻይና ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀው። ርካሽ ነበር፣ ዲዛይኑም ያምር ነበር፤ ብዙ የአገር ውስጥ አምራች ተንኮታኮተ። የተረፉት ግን የመጣባቸውን ጫማ ፈትተው አዩት፣ ዲዛይኑን ቀዱ፣ ጥራታቸውን አሻሻሉ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ሸማቹ ወደ አገር ውስጥ ጫማ ተመለሰ፤ ትልልቆቹ አምራቾች ደግሞ ጣሊያን ድረስ መላክ ጀመሩ። እነዚያ ጫማ ሠሪዎች በየከተማው አንድ አንድ ሆነው ተበታትነው ቢሆን ኖሮ ያን ወጀብ ይሻገሩት ነበር ብዬ አላምንም። አንዱ የሞከረውን ሌላው በቀናት ውስጥ የሚያየው ጎን ለጎን ሲሠሩ ነው።

መሰባሰብ ግን ለአምራቹ ምቾት ብቻ አይደለም። እየሩሳሌም ሲባ፣ ሙሉ ገብረኢየሱስና ስዊድናውያን ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያን ፋብሪካዎች መረጃ መርምረው ሁለት ነገር አገኙ። ተመሳሳይ ምርት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በተሰባሰቡበት ከተማ የምርቱ ዋጋ ዝቅ ይላል። በዚያው ልክ ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓይነት ጉልበትና ጥሬ ዕቃ የሚያወጡት ምርት ከፍ ይላል። ባለፋብሪካው «ጎረቤቴ ዋጋዬን ሰበረብኝ» ብሎ ቢያማርር እውነቱን ነው፤ ያው ጎረቤት ግን ቀልጣፋ አድርጎታል። ተጠቃሚው ሸማቹ ነው። ስለዚህ አምራቾች ተሰባስበው ዋጋ ለመቁረጥ ሲመካከሩና ተሰባስበው ጥራት ለማሻሻል ሲመካከሩ መንግሥት ለሁለቱ አንድ ዓይነት ፊት ማሳየት የለበትም።

ሌላም አለ። ገዛኸኝ አየለና ባልደረቦቹ የአዲስ አበባውን ሽሮ ሜዳ ጨምሮ በተለያዩ ሥፍራዎች ያሉ ሸማኔዎችን አጥንተው፣ መብራት ባለበት ከተማ ተሰባስበው የሚሠሩት ሸማኔዎች ረዘም ያለ የሥራ ሰዓት እንዳላቸው አሳይተዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። አምፖል ሲበራ የሸማው ሥራ እስከ ምሽት ይዘልቃል፤ ቤት ኪራይ ግን ስለሚወደድ በአንድ ክፍል ተጋርቶ መሥራት ያዋጣል። ተበታትኖ ለሚኖር ሸማኔ ሁሉ መስመር መዘርጋት የማይቻል ነው፤ ለተሰባሰበው ግን አንድ ትራንስፎርመር ይበቃል። መንግሥት መሠረተ ልማትን በየት በኩል ላስቀድም ብሎ ቢጠይቅ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ መንግሥት ሥራ ልምጣ። ፋብሪካን አንድ ቦታ ማሰባሰብ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋንና አቃቂን የፋብሪካ ከተማ አደረጋቸው። ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ጀመረ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ጀመረ፤ የዓባይ ኃይል ማመንጫም ጢስ ዓባይ ላይ ብዙም ሳይቆይ ተከተለው። የእናቶቻችን ነጠላና አንሶላ ከዚያ ፋብሪካ ጋር የተያያዘ ትዝታ አለው። ለብዙ ዓመት ግን በባሕር ዳር ዙሪያ ሁለተኛና ሦስተኛ፣ ክር የሚያቀርብለት፣ ጨርቁን ተቀብሎ የሚሰፋ ጎረቤት በብዛት አልበቀለም። ፋብሪካው ነበረ፤ ሠፈሩ አልነበረም።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ልማት ስትራቴጂ ጨርቃ ጨርቅን፣ ቆዳንና የግብርና ውጤቶችን ማቀነባበርን አስቀደመ። ቀጥሎ የፓርክ ዘመን መጣ። የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007 ወጣ፤ ሐዋሳ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። የሐዋሳው ፓርክ ግንባታ የዘጠኝ ወር ሥራ ነበር፤ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ 60 ሺህ ሰው ይቀጠርበታል የተባለለት። ኮምቦልቻ፣ መቀሌ፣ አዳማ፣ ጅማ፣ ደብረ ብርሃን ተከታተሉ። ይህን ሁሉ በፍጥነት ማቆም የቻለ አገር መመስገን አለበት፤ እኔም አመሰግናለሁ። ሐዋሳ ላይ ከገጠር የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው ደመወዝ ተቀብለዋል።

ነገር ግን ጨርቁ፣ ቁልፉ፣ ክሩ በብዛት ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ተሰፍቶም ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለው የሐዋሳ ልብስ ሰፊ ለዚያ ፓርክ የሚያቀርበው፣ ከዚያ ፓርክ የሚወስደው እምብዛም አልነበረውም። የመነሻ ደመወዙም እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ዘገባ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ቀደም ብለው ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለይተው ተከታትለው ነበር፤ ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል። ሠራተኛ በየጥቂት ወሩ ከተለዋወጠ ማርሻል የተናገረለት ሙያ መች ሥር ይሰዳል?

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ የፓርኩ ዋና ደንበኛ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒ ቪ ኤች ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ። ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በተላለፈ አንድ የፖለቲካ ውሳኔ፣ ውሳኔውም ጦርነቱም የማይመለከታቸው ልጆች ሥራ አጡ። ይህ ያንገበግበኛል።

እናንተ ይህን ዓይነት ውድቀት በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን በሽታ ገባበት፤ ተራራውን ሙሉ አረንጓዴ አድርጎት የነበረው ዛፍ በየማሳው ደረቀ። ችግኝ ሻጩም፣ አክሳዩም፣ ጫኙም፣ ደላላውም አብረው ተመቱ። ሐዋሳ በአንድ ገበያ ላይ ቆመ፤ ፋግታ ለኮማ በአንድ ዛፍ ላይ ቆመ። መሰባሰብ ያመጣውን በረከት ያህል፣ ሁሉም አንድ ነገር ላይ ከተንጠለጠለ አብሮ የመውደቅ አደጋም ያመጣል። ለዚህ ነው ስለ ክላስተር የሚሰብክ ሰው ስለ ሁለተኛው ምርት፣ ስለ ሁለተኛው ገዢ ካልነገራችሁ ግማሹን ብቻ ነግሯችኋል የምለው።

ታዲያ የውጭ ኩባንያ አይምጣ ነው የምለው? በፍጹም። ግሩም አበበ ከማርጋሬት ማክሚላንና ከሚሼል ሴራፊኔሊ ጋር ባደረገው ጥናት፣ ትልቅ የውጭ ፋብሪካ በተከፈተባቸው የኢትዮጵያ ወረዳዎች የነበሩ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ምርታማነታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። መንገዱም ይታወቃል፤ ከውጭው ፋብሪካ ሠርቶ የወጣ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፣ አሠራሩን ያያሉ፣ ውድድሩም ያነቃቸዋል። የመርካቶ ጫማ ሠሪ ታሪክ በቁጥር ተደገመ ማለት ነው። ዕውቀት አጥር ይዘላል፤ የሚዘለው ግን ከአጥሩ ማዶ የሚቀበለው ሰው ሲኖር ነው።

ማሌዥያ ውስጥ ለዚህ ምሳሌ የምትሆን ፔናንግ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1972 ባያን ሌፓስ ላይ ነፃ የንግድ ቀጠና ከፍታ እንደ ኢንቴል ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎችን ጠራች። መጀመሪያ ላይ ሥራው ከሐዋሳ የተለየ አልነበረም፤ ዕቃው ከውጭ ይገባል፣ ርካሽ ጉልበት ይገጣጥመዋል፣ ይወጣል። ልዩነቱ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። የክልሉ የልማት ድርጅት ኩባንያዎቹን ከአካባቢው የብረታ ብረት ቤቶች ጋር ያገናኝ ነበር፤ ዛሬ ይህን መለዋወጫ ሥራልኝ፣ ነገ ያንን ማሽን ጠግንልኝ እየተባለ ትንንሾቹ አደጉ። የኩባንያዎቹ መሐንዲሶች ለቀው የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ኩባንያዎቹና መንግሥት አንድ ላይ የሙያ ማሠልጠኛ አቋቋሙ፤ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን በአንድ ክፍል አስተማሩ። ነገሩ የዓመታት ሥራ እንጂ የዘጠኝ ወር አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ደጃችን እንመለስ። ከእንጅባራ በመኪና ሩቅ ያልሆነችው ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ አላት። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተመረጡት አራት አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። እዚያው ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል። የፓርኩ ዕቅድ በመቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን ገበሬ በገጠር የሽግግር ማዕከላት በኩል ከፋብሪካው ጋር ማስተሳሰር ነው። ዕቅዱ ከሐዋሳው የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም የሚነሳው ከማሳ ነው። የአዊ ድንች፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ወተትና ማር በዚያ ክበብ ውስጥ ናቸው። የማዕከሉ መጋዘን ግን ብቻውን ገበሬን ከፋብሪካ አያስተሳስርም። የሚያስተሳስረው የተጻፈ የአቅርቦት ውል፣ በሰዓቱ የሚከፈል ዋጋ፣ ጥራት የሚለካ ገለልተኛ ሚዛን ነው። ገበሬ አንድ ክረምት ከተታለለ ለዐሥር ዓመት አይመለስም።

እኔ የአዊ ሁለተኛ ምርት ይሆናል ብዬ ተስፋ የማደርግበት ቀርከሃ ነው። ባንጃና አካባቢው የደጋ ቀርከሃ አገር ነው፤ የእንጅባራ ባለሙያዎች ወንበሩንም፣ አልጋውንም፣ መደርደሪያውንም ሲሠሩ ቆይተዋል። ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሽፋን ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ይሁንና እዚህ የሚሠራው ወንበር ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው፤ ያልበሰለ ቀርከሃ ይቆረጣል፣ ሳይታከምም ይሠራል፤ ኋላ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝ ይበላዋል። ቀርከሃ ሦስት ዓመት ገደማ ካልሞላው አይጠነክርም፤ ከተቆረጠ በኋላም በመድኃኒት ተነክሮ በጥላ መድረቅ አለበት። የመንከሪያ ገንዳና የማድረቂያ ቤት ለአንድ ባለሙያ ብቻውን ይከብዳል። ለሃምሳ ባለሙያ ግን ቀላል ነው።

በቻይና ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር አንጂ የምትባል ወረዳ ኑሮዋን በቀርከሃ ላይ ገንብታለች። የመንደሩ ትንሽ ቤት ቀርከሃውን ሰንጥቆ ያስተካክላል፤ የከተማው ፋብሪካ ስንጣቂውን ገዝቶ ወለልና ምንጣፍ ያደርገዋል፤ ትርፍራፊው ከሰል ይሆናል። ከሰል የማክሰል ዕውቀት ደግሞ እዚህ ሞልቷል፤ የዲከረንሱ አክሳይ እጁ አልጠፋም። የፓኪስታን ሲያልኮት ከተማ የኳስና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አምራቾች ደግሞ ወደብ ራቀን ብለው አልተቀመጡም፤ ገንዘብ አዋጥተው ደረቅ ወደብ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠርተዋል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን ያህል ሕዝብ የሚያሰባስብ አገር አንድ የመንከሪያ ገንዳ በጋራ ለመሥራት አቅም ያጣል ብዬ አላስብም።

የዲከረንስ ቅርፊትም አለ። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሌላ የአካሽያ ዛፍ ቅርፊት በደቡብ አፍሪካ ለቆዳ ማልፊያ የሚሆን ታኒን እየወጣለት በዓለም ይሸጣል። ዲከረንስም ታኒን አለው። የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካዎች የማልፊያ ኬሚካል በውጭ ምንዛሬ ሲገዙ እኛ ቅርፊቱን ማሳ ላይ እናቃጥላለን። ከበሽታው የተረፈው ወይም በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ቅርፊት ምን ያህል ያዋጣል የሚለውን መመርመር ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሥራ ነው፤ ላብራቶሪውና ማሳው እንዲህ የሚቀራረቡበት ዩኒቨርሲቲ ብዙ የለም።

ኃይልን በሚመለከት፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ወደሚገኝበት ጉባ የሚወስደው መንገድ በእንጅባራና በቻግኒ በኩል ነው። የግድቡ ሲሚንቶና ብረት በዚህ አልፏል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዟል። ኃይሉ የሚመነጨው በቅርባችን ነው። የሚቀረው ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ አናጢው ቤት ያለው መስመር ነው፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እንዳሳዩትም የሚያዋጣው ለተሰባሰበ ሥራ ሲዘረጋ ነው። ሰላሙም እንዲሁ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚሰበረው ትንሹ አቅራቢ ነው፤ ትልቁ ፋብሪካ ወር ሊታገሥ ይችላል፣ ድንች የጫነ ገበሬ ግን ሳምንት አይታገሥም። ይህን የምለው ለማንም ወገን አድልቼ አይደለም፤ በመንገዱ የሚኖረውን ሕዝብ አይቼ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1322 ፓርኮችን ወደ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠናነት የሚያሸጋግር ነው። ለቀጠናው ባለሀብት የሚሰጠው ማበረታቻ ብዙ ነው፤ የግብር እፎይታ፣ ከቀረጥ ነፃ ማሽን፣ ርካሽ መሬት። እኔ በዚህ መድረክ ለክልሉና ለዞኑ ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ቡሬ ላይ መሬት የሚረከብ ኩባንያ ሁሉ፣ የአገር ውስጥም ይሁን የውጭ፣ በስንት ዓመት ውስጥ ስንት ከመቶ ግብዓቱን ከዙሪያው እንደሚገዛ፣ ስንት የአካባቢ ወጣት በቴክኒሽያንነት እንደሚያሠለጥን በውሉ ላይ ይጻፍ። እፎይታውም በዚያ ይመዘን፤ የሠራ ይጨመርለት፣ ያልሠራ ይቀነስበት። ውሉም በየዓመቱ እንጅባራ ላይ፣ ዳንግላ ላይ፣ እንደዛሬው ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነበብ። የቀርከሃ ባለሙያዎችም ያን ቀን ቀድመው ተደራጅተው፣ የራሳቸውን የአቅርቦት ዋጋና መጠን በወረቀት ይዘው ይቅረቡ። በውሉ ላይ ለመጻፍ ወረዳችሁ ምን ዓይነት ቁጥር አለው? ከነገ ጀምሮ የሚሰበሰበው እሱ ነው፤ በየቀበሌው ስንት አናጢ፣ ስንት አክሳይ፣ ስንት ሄክታር የበሰለ ቀርከሃ እንዳለ።